ጂም ሃከር እንዴት አደገ?

ባለፈው ክረምት ልጄ ኮምፒዩተሯን ታቅፋ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ትንከተከታለች። «ምን አግኝተሽ ነው?» ብላት፣ «አንድ የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲ ነው አባዬ፣ አንተ አታውቀውም» አለችኝ። የዛሬ ልጆች የድሮ ነገር ሁሉ እነሱ ቆፍረው ያወጡት ይመስላቸዋል። መነጽሬን አድርጌ ጠጋ ብል ጂም ሃከር ነው። ያው ጂም ሃከር! ፀጉሩ እንደተበጠረ፣ ክራቫቱ እንደታሰረ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር የጠፋበት የሚመስለውን ፊቱን ይዞ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል። እኔ ሸብቻለሁ፤ እሱ እንደነበረ አለ።

«ይኼን ሰውዬማ አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው» አልኳት። አላመነችኝም።

የተዋወቅነው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባችን ለትምህርት ከሄደበት እንግሊዝ አገር ሲመለስ፣ ሰው ጫማና ሽቶ የሚያመጣበትን ሻንጣ በቪዲዮ ካሴት ሞልቶት መጣ። ሚስቱ ሁለት ሳምንት አላናገረችውም ተብሏል። እኛ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተጠራራን እሱ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ቡናው ይፈላል፣ ቆሎው ይዞራል፣ ዴኩ ካሴቱን ባኘከው ቁጥር ባለቤቱ እየተራገመ ክሩን በጣቱ ያጠነጥናል። እኛ ሃከርን እያየን እንስቃለን። የምንስቀው በእንግሊዞች ነበር። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ላላየው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ድራማው በራሳቸው ቋንቋ «የስ ሚኒስተር» ይባላል። ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው በ1980 ነው (እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው፤ ስለ ድራማው ስናወራ ዓመቱን ሁሉ እንደዚያው ውሰዱልኝ)። ደራሲዎቹ አንቶኒ ጄይና ጆናታን ሊን ናቸው። እስከ 1982 ሦስት ዙር ታየ። በ1984 በገና ልዩ ዝግጅት ሰውዬው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነና «የስ ፕራይም ሚኒስተር» በሚል ስም ከ1986 እስከ 1988 ቀጠለ። በጠቅላላው 38 ክፍል ነው። ሃከርን ፖል ኤዲንግተን፣ የመሥሪያ ቤቱን ቋሚ ጸሐፊ ሰር ሃምፍሪ አፕልቢን ናይጄል ሆውቶርን፣ በሁለቱ ጌቶች መሀል የሚዋትተውን የግል ጸሐፊ በርናርድን ደግሞ ዴሪክ ፋውልድስ ተጫውተውታል። ሦስቱም ዛሬ በሕይወት የሉም።

የእንግሊዝ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ሚኒስትሩ በምርጫ ይመጣል፣ በምርጫ ይሄዳል። ቋሚው ጸሐፊ ግን ስሙ እንደሚለው ቋሚ ነው። ሚኒስትሩ እንግዳ፣ ጸሐፊው ባለቤት። (በእኛም አገር በንጉሡ ዘመን ማኅተሙን የያዘው ጸሐፌ ትእዛዝ ከብዙ ባለማዕረግ ይልቅ እንደሚፈራ አባቶቻችን ነግረውናል።)

አርእስቱን በአማርኛ ተርጉም ብባል «አዎ ሚኒስትር» አልልም። «እሺ ክቡር ሚኒስትር» ነው የምለው። ይህች «እሺ» የምትባል ቃላችን ለሰር ሃምፍሪ በልኩ የተሰፋች ትመስላለች። እምቢ ያለህ ሰው ሌላ በር እንድታንኳኳ ይተውሃል፤ እሺ ያለህ ግን ዓመት ያመላልስሃል። ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ «ክቡር ሚኒስትር» የሚለውን አምድ እየፈለገ የሚያነብ ሰው የዚህን ቀልድ ጣዕም ያውቀዋል። ልዩነቱ የኛው ክቡር ሚኒስትር ስም የሌላቸው መሆኑ ነው።

ሃከር ስም ብቻ ሳይሆን ታሪክም አለው። ፓርላማ ከመግባቱ በፊት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ መምህርም ነበር። (መምህርነቱን ስሰማ ያን ጊዜም ደንገጥ ብያለሁ።) የተማረው በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ስለሆነ የኦክስፎርዱ ሰር ሃምፍሪ አጋጣሚ ባገኘ ቁጥር ይወጋዋል። የምርጫ ክልሉ በርሚንግሃም ምሥራቅ ነው። የፓርቲው ስም ግን ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው አይነገርም። ብልህነት ነው። ስሙ ቢነገር ኖሮ ግማሹ ተመልካች በሌላው ግማሽ ላይ ስቆ ይገላገል ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በስልክ ነው። ምርጫው አልቋል፣ ፓርቲው አሸንፏል፣ ሃከር ቤቱ ተቀምጦ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት እስኪደወልለት ይጠብቃል። ከስልኩ ፈቀቅ አይልም። ሌላ ሰው ሲደውል ይበሳጫል። ሚስቱ አኒ ታዝናለትም ትስቅበትም ይመስለኛል። ሹመት የሚጠባበቅ ሰው ጎረቤት ሆኖ ያየ ሁሉ ይህን ትዕይንት ሳይተረጎምለት ይገባዋል። ሃከር በተቃዋሚነት ዘመኑ የሚከታተለው የእርሻ ጉዳይ ስለነበር እርሻ ሚኒስቴርን ተስፋ ያደርጋል። የተሰጠው ግን የአስተዳደር ጉዳዮች ሚኒስቴር ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚያስተዳድር፣ ማለትም ቢሮክራሲውን በቢሮክራሲ የሚያስተዳድር፣ ፖለቲከኛ የሚቀበርበት ቦታ። በፓርቲው ውስጥ በነበረው የመሪነት ውድድር የሌላውን ተወዳዳሪ ዘመቻ መርቶ ስለነበር ቂም ተይዞበታል።

ይዞት የመጣው ሐሳብ «ክፍት መንግሥት» የሚል ነው። ሕዝቡ ሁሉን ነገር ይወቅ። በገባ በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ሊገዛ መዋዋሉን ያውቅና፣ የአገር ውስጡ ምርት እያለ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ መግለጫ ያዘጋጃል። መግለጫው ሊወጣ ሲል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከአሜሪካ ጋር ትልቅ የንግድ ስምምነት ሊፈራረሙ መሆኑ ይሰማል። ሃከር ላብ ያጠምቀዋል። ሹመቱ በሳምንቱ ሊያልቅ ነው። ደግነቱ ሰር ሃምፍሪ ነገሩ እንዳይወጣ አስቀድሞ አግቶት ኖሯል። እንግዲህ ሕዝብ ሁሉን ይወቅ ብሎ የመጣው ሰው በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ሕዝብ ባለማወቁ ተመስገን ሲል እናየዋለን።

ያኔ በባልደረባዬ ቤት ይህን ስናይ «ሃምፍሪ ጉድ አደረገው!» ብለን አጨበጨብን። የሁላችንም አተያይ አንድ ነበር፦ ብልጥ ጸሐፊ የዋህ ሚኒስትርን ሲያጃጅል። ማርጋሬት ታቸርም እንደዚያው ያዩት ይመስለኛል። ድራማውን ይወዱት ነበር። በጥር 1984 በአንድ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከኤዲንግተንና ከሆውቶርን ጋር አጭር ጭውውት እስከ መጫወት ደርሰዋል። ጭውውቱ ኢኮኖሚስቶችን በሙሉ ስለማጥፋት ነው። ሁለቱ ተዋንያን በነገሩ ደስ አላላቸውም። እውነተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር የሐሰተኛውን ሚኒስትር ሳቅ ሲዋስ ቆሞ ማየት ለተዋናይ ቀላል አይደለም። አንቶኒ ጄይ በ1988 የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ። በሰር ሃምፍሪ ሲያሾፍ ኖሮ ሰር ሆነ፤ ይኼ ራሱ አንድ ክፍል ይወጣው ነበር።

አሁን ከልጄ ጋር እንደገና ሳየው ግን ያ አተያያችን ልክ አልመስልህ አለኝ። ሃምፍሪ ያታልላል፣ ይዋሻል፣ አረፍተ ነገሩን እንደ ደጋ መንገድ ያጠማዝዛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ዋናው ነገር ሊወሰን ሲል ሃከር አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። ተነግሮታል። ሰነዱ ፊቱ ተቀምጧል። ሃምፍሪ የሚያደርገው ዋጋውን መንገር ብቻ ነው። «ይህ ደፋር ውሳኔ ነው ክቡር ሚኒስትር» ይለዋል። በሃምፍሪ መዝገበ ቃላት «አወዛጋቢ» ማለት ድምፅ የሚያሳጣ፣ «ደፋር» ማለት ምርጫ የሚያሳጣ ነው። ሃከር «ደፋር» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚወርደውን ነገር ኤዲንግተን እንዴት እንደሚጫወተው! አንዲት ቃል ሳይናገር ሰው ከሐሳቡ ሲወርድ ታዩታላችሁ።

በ1981 የወጣውን የሆስፒታሉን ክፍል ውሰዱ። ለንደን ውስጥ አንድ አዲስ ሆስፒታል አለ። ከተከፈተ 15 ወሩ ነው። 500 የአስተዳደርና የድጋፍ ሠራተኞች አሉት። በሽተኛ ግን የለውም። አንድም! እንዲያውም በንጽሕና የሚሸለም ሆስፒታል ነው፤ የሚያቆሽሸው ሰው ከየት ይምጣ። ሃከር ይህን ሲሰማ ይጮኻል፣ ይፎክራል፣ ሄዶ ይጎበኛል። ሠራተኛ ልቀንስ ሲል የሥራ ማቆም አድማ ይመጣበታል። መጨረሻው ምን ሆነ? ሆስፒታሉ የኩባ ስደተኞች ማረፊያ ተደረገና ሃከር በጋዜጣ ተመሰገነ። ሆስፒታሉ ሆስፒታል አልሆነም። ሃከር ግን ተረፈ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እዚህ አይሠራም። ሃከር ሌባ አይደለም። ጉቦ ሲበላ አላየሁትም። አንድ መልካም ነገር ሠርቶ ስሙ በመልካም እንዲነሳ ከልቡ ይፈልጋል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ እኔን አይመስልም ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነበት መንገድ ደግሞ በቋሊማ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ «ጠጥታችሁ አትንዱ» የሚል ዘመቻ ከፍቶ ሲያበቃ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ወረደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም እሱ እንዳይተካቸው ብለው እስኪወርድ ቆይተው ኖሮ ተከትለውት ሥልጣን ለቀቁ። ለቦታው ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተፋጠጡ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ። ሃከር የሁለቱንም ገመና የያዘ ፋይል እንዲያይ ተደረገና ለየብቻቸው እየጠራ ከውድድሩ አስወጣቸው። የቀረው ሕዝብ እንዲወደው ማድረግ ነው። አውሮፓውያኑ የእንግሊዝን ቋሊማ «ቋሊማ» ብላችሁ አትጥሩት ሊሉ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ ስሙ የሆድ ዕቃና የሞራ ቱቦ የሚመስል ነገር ሊሆን። ሃከር ስለ እንግሊዝ ቋሊማ ደረቱን ነፍቶ ተናገረ። ድሉ ግን ጦርነቱን ሳያውጅ በፊት በኪሱ ነበር፤ ከአውሮፓው ባለሥልጣን ጋር ነገሩን አስቀድሞ ጨርሶታል። አገር አጨበጨበ። ያለተቀናቃኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ኮምፒዩተሩን ተወ፣ ተረፈ። ሆስፒታሉን ተወ፣ ተመሰገነ። እውነተኛ ነገር ሁሉ ትቶ ቋሊማ ሲይዝ ከሁሉ በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ በታኅሣሥ 1982 የታየው ክፍል ነው። «ውስኪ ጠጪው ቄስ» እንበለው። አንድ ሻለቃ ሃከር ዘንድ መጥቶ፣ የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ለጣሊያን አሸባሪዎች እየተሸጠ መሆኑን ይነግረዋል። ሃከር ይደነግጣል። ሃምፍሪን ይጠይቃል። ሃምፍሪ ስለዚህ ነገር ማወቅም መጠየቅም እንደማይገባ፣ መንግሥት የሚሠራው ሥርዓት ለማስጠበቅ እንጂ ጽድቅና ኃጢአት ለመለየት እንዳልሆነ ያስረዳዋል። ሃከር ለአንዴ ይበረታል፤ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እነግራለሁ ይላል። ከዚያ የፓርቲው ዋና ተቆጣጣሪ ይጠራውና ነገሩ ቢነሳ መንግሥትንም እሱንም፣ በተለይም ወደ ላይ የሚወስደውን መንገዱን፣ ምን እንደሚጠብቅ ያስገነዝበዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዝም እንዳይል ሻለቃው ነግሮታል። እንዳይናገር ዋጋው ከበደው። መፍትሔው ደብዳቤ ነው። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚጻፍ፣ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንብበው እንዳይገባቸው ሆኖ የሚጻፍ ደብዳቤ። የሚደርሳቸውም ለጉባኤ ወደ ውጭ አገር በሚነሱበት ቀን። ኋላ ጥያቄ ቢመጣ ሃከር «አሳውቄአለሁ» ይላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ «አላወቅኩም» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ማታ ሃከር ቤቱ ተቀምጦ እየጠጣ ለአኒ ይናዘዛል። አኒ የግሬየም ግሪንን ልቦለድ ታነሳለታለች፤ «ዘ ፓወር ኤንድ ዘ ግሎሪ»ን፣ በ1940 የታተመውን። ሜክሲኮ ውስጥ ቄሶች በሚታደኑበት ዘመን እየጠጣ የሚሸሽ አንድ ደካማ ቄስ አለ። አንተ እንደዚያ ቄስ ነህ ትለዋለች፤ ቢያንስ ክፉ ስትሠራ ክፉ መሆኑን ታውቃለህ። ሃከር በዚህ ይጽናናል። ፊቱ ይበራል። መጠጡ አልቋል ሲባል ከቀዩ የመንግሥት ሳጥን ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ያወጣል። ሳቅ። ፍጻሜ።

ልጄ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አንደኛው ምክንያት የመምህር ነው። ያን ልቦለድ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አስተምር ነበር። አኒ ያልተናገረችው ነገር አለ። የግሪን ቄስ ድንበሩን ተሻግሮ አምልጦ ሲያበቃ፣ አንድ የሚሞት ወንጀለኛ ሊናዘዝ ይፈልግሃል ተብሎ ይጠራል። ወጥመድ መሆኑን ያውቃል። ያውቃል፤ ግን በቅሎውን መልሶ ይሄዳል። ይያዛል፣ ይረሸናል። ማወቁ ብቻውን አይደለም ቄሱን ቄስ ያደረገው፤ መመለሱ ነው። ሃከር ከቄሱ የወሰደው ጠርሙሱን ብቻ ነው።

ይህን መጽሐፍ ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ወጥመድ መሆኑን ካወቀ ለምን ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከገጠር የመጣ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ጃኬት የሚለብስ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። «አንተ ለምን ይመስልሃል?» አልኩት፤ መምህር ሲቸግረው የሚለውን። አሰብ አደረገና «የጠራው ሰው በእውነት እየሞተ ስለነበረ» አለኝ። በብዙ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ስለዚያ መጽሐፍ የሰማሁት ከሁሉ የተሻለ መልስ እሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ልጅ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ነበር። ሹመት እንኳ አይባልም፤ አንድ ተጨማሪ ቁልፍና ብዙ ተጨማሪ ስብሰባ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ረዳት ምሩቅ ለመቅጠር ቦታ ተፈቀደልን። ልጁ ከተመራቂዎቹ ሁሉ አንደኛ ነበር። ውድድሩን ያካሄደው ከበላይ የተዋቀረ ኮሚቴ ነው። ውጤቱ ሲመጣ የተመረጠው ሌላ ሰው ሆነ። መሆን ይችላል፤ ሰው በቃለ መጠይቅ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ጠረጴዛዬ ላይ፣ በስህተት ይሁን በሌላ፣ ሁለት ቃለ ጉባኤ ደረሰኝ። ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ቀኑ አንድ ነው። ፈራሚዎቹ አንድ ናቸው። በአንደኛው የቃለ መጠይቁ ድርሻ 10 ከመቶ ነው፤ በሁለተኛው 40። በመጀመሪያው ስሌት ልጁ ያልፋል፤ በሁለተኛው ይወድቃል።

ማን ለማን ብሎ እንዳደረገው አልጽፍም። ብቻ ከእኔ በላይ ነበሩ።

መዝገብ ቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ መምህራኑ በጓሮ «ጋሽ ግልባጭ» እንላቸዋለን፤ ደርግንም ከደርግ በፊት የነበረውንም በዚያው ወንበር ላይ ያሳለፉ፣ ማንኛውም ወረቀት የት እንደሚያድር የሚያውቁ ሰው። ሁለቱን ወረቀቶች አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ልጄ፣ መጻፍ ነው የፈለግኸው ወይስ መጻፍህ እንዲታወቅ?» አሉኝ። አልገባኝም አልኩ። ገብቶኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ጻፍኩ። ግልባጩ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። «ጉዳዩ፦ የረዳት ምሩቅ ቅጥር አፈጻጸምን በተመለከተ አስተያየት ስለመስጠት» ይላል። ሦስት አንቀጽ ነው። ሁለቱ ኮሚቴው ላደረገው ጥረት ምስጋና ነው። በሦስተኛው ላይ «ወደፊት በሚከናወኑ ተመሳሳይ ቅጥሮች የመመዘኛ ነጥቦች አሰጣጥ ወጥነት በተሞላበት መልኩ ቢከናወን የተሻለ ሊሆን እንደሚችል በአክብሮት እየጠቆምኩ» ይላል። የልጁ ስም የለበትም። 10ም የለ፣ 40ም የለ። ሁለተኛው ቃለ ጉባኤ አባሪ አልተደረገም። ከሠላምታ ጋር ብዬ ፈረምኩ። ማኅተም ተመታበት። ግልባጭ ለሦስት ቦታ። ደብዳቤው የገባው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሚመለከታቸው ኃላፊ ቅዳሜ ወደ ውጭ አገር እንደሚበሩ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ይህን ሳደርግ ጂም ሃከርን ካየሁት ስድስት ዓመት አልፎኛል። በቡናና በቆሎ፣ ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። እንዲያውም ደብዳቤውን አስገብቼ ስወጣ ደረቴ ቀሎኝ ነበር፤ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ ብዬ። በዓመቱ ለአጭር ሥልጠና ውጭ አገር ተላክሁ። የድጋፍ ደብዳቤውን ማን እንደፈረመልኝ አንባቢ ይገምት።

ወደ ሃከር ልመለስ። የመጨረሻው ክፍል በጥር 1988 ታየ። ሃከር ፓርላማ ውስጥ፣ የአንድ የምክር ቤት አባል ስልክ ተጠልፎ አያውቅም ብሎ ተናገረ። እውነት መስሎት ነው። ተጠልፎ ኖሯል፤ ሃምፍሪ አልነገረውም። አሁን ሃምፍሪ በአጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሃከርን ቃል እንዲያጸና ሲጠየቅ አልዋሽም አለ። ሃምፍሪ ስለ እውነት ሲከራከር ያየነው ያን ቀን ነው! ግን በአንድ የሬዲዮ ቃለ ምልልስ ላይ፣ ውይይቱ አልቋል ብሎ ስለ ሥራ አጦች የዘባረቀው ተቀድቶ ቀርቷል። ካሴቱ ሃከር እጅ ገባ። ሃከር ካሴቱን አሰማውና ዝም ብሎ ጠበቀው። ሃምፍሪ ሊዋሽ ተስማማ። «እሺ ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር።»

ድሮ ይህን የሃከር ድል ብለን ቆጥረነው ነበር። ተማሪው መምህሩን አሸነፈ ብለን። አሁን ሳየው፣ እዚያ ወንበር ላይ ካሴት ይዞ የተቀመጠውን ሰው የስልኩ አጠገብ ሲቁነጠነጥ የነበረው ያ ሰውዬ ነው ብሎ ለማመን ይቸግራል። ሃምፍሪን ለማሸነፍ የቀረው ትምህርት ሃምፍሪን መሆን ነበር፤ ተማረው።

ጆናታን ሊን ባለ ታሪኮቹን እንደገና አንስቷቸዋል። አንቶኒ ጄይ በ2016 ካረፈ በኋላ ብቻውን የጻፈው ተውኔት በ2023 መድረክ ላይ ወጣ። ሃከር አርጅቷል። በስሙ የተሰየመ የኦክስፎርድ ኮሌጅ ኃላፊ ሆኗል፣ አሁን ግን ይውረድልን እየተባለ ነው። የሚጠራው ማንን ነው? ሃምፍሪን። ሌላ ማን ቀረለት።

ባለፈው ኅዳር አንድ የድሮ ባልደረባችን እናት አርፈው ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ቦታ ስፈልግ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «መምህር፣ እዚህ ይቀመጡ» አለኝ። ፀጉሩ ገባ ብሏል፣ ሽበትም ጣል አድርጎበታል። ዐይኑን አወቅኩት። አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ሦስት ልጆች አሉት። ስለ ልጆቹ አወራን፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ «መምህር፣ እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎት ቀረሁ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ያን ጊዜ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ነግረውኝ ነበር። ስለ አንተ ደብዳቤ የጻፉት እሳቸው ብቻ ናቸው አሉኝ።»

ከፊት ለፊታችን ያለቃሾቹ ድምፅ ከፍ አለ። አዲስ ሰው ገብቶ ነው። ጸጥ እስኪል ጠበቅኩ።

«ምን አደረግሁና» አልኩት።

እንደ ትሕትና ቆጠረው። ፈገግ አለና የንፍሮውን ሳህን ወደ እኔ አስጠጋው።